አንድ ቀን የጎደለው ኢንሹራንስ

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እህቴ ጋ ሰንብታ አገርም ልታይ ለሦስት ሳምንት የሸንገን (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) የቱሪስት ቪዛ ጠይቃ ተከለከለች። መልሱ ላይ ምልክት የተደረገበት አንድ ሳጥን ብቻ ነው፤ በቂና የጸና የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ አላቀረቡም የሚለው። እኛ ግን ገዝተን አስገብተናል! ሻጩም «ለቪዛ የሚሆን ነው» ብሎ ነው የሸጠልን። ይግባኝ እንበል? የከፈልነውስ ይመለሳል? ሌላው፣ እናቴ የደም ግፊት አለባት። የኢንሹራንሱ ፎርም ላይ ግን «ምንም ሕመም የለባትም» ብለን ሞልተናል። ችግር ያመጣ ይሆን?

መልስ፦ የላኩልኝን ሰርተፍኬት ከበረራ ማስያዣው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። እናትዎ ሜይ 3 ገብተው ሜይ 24 ማታ ይመለሳሉ። ኢንሹራንሱ ሜይ 3 ይጀምርና ሜይ 23 እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ሻጩ «ሦስት ሳምንት» ሲባል 21 ቀን ቆጠረ። የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሲቆጠር ግን ጉዞው 22 ቀን ነው። የመጨረሻውን ቀን ያለ ዋስትና ሊያሳልፉት ነበር ማለት ነው።

«ለአንድ ቀን ብለው?» ይሉ ይሆናል። አዎ፣ ለአንድ ቀን። የሸንገን የቪዛ ደንብ ቁጥር 810/2009 አንቀጽ 15 ዋስትናው ሙሉውን የቆይታ ጊዜ እንዲሸፍን ያዛል። «ከሞላ ጎደል» የሚል ቃል የለውም። አንዳንድ ቆንስላ ደውሎ «አስተካክላችሁ አምጡ» ይላል፤ እንዲህ የሚያደርግ ከገጠመዎት ዕድለኛ ነዎት።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀኑ ልክ ቢሆንም ይቺ ወረቀት ማለፏን እጠራጠራለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ይመልከቱት። «የሕክምና ወጪ» ከሚለው ትይዩ 30,000 ተጽፏል፤ ከቁጥሩ ፊት ያለው ምልክት ግን የዶላር ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ነው። ዶላሩ ከዩሮ ባነሰ ጊዜ ይህ ወረቀት ከዝቅተኛው ልክ በታች ይወርዳል። አዲሱን ሲገዙ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን ዓይነትም ይዩ።

ከገንዘቡና ከቀኑ ሌላ ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛ፣ ዋስትናው በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት። እህትዎ ያሉበትን አገር ብቻ የሚጠቅስ ውል አይበቃም። ሁለተኛ፣ አስቸኳይ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ድንገተኛ አገልግሎትን፣ በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን መሸፈን አለበት። የመጨረሻው ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን አስከሬን መመለስ ብዙ ወጪ ስላለው ነው ሕጉ የሚጠይቀው። የእናትዎ ስምም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ።

ይግባኙን በተመለከተ፣ መብቱ አለዎት። ይግባኝ የሚባለው ቪዛውን በከለከለው አገር ሕግ መሠረት ነው፤ የት እና እስከ መቼ እንደሚቀርብ ራሱ የክልከላው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እኔ ግን በእናትዎ ቦታ ብሆን ይግባኝ አልልም። ይግባኝ የሚጠቅመው ቆንስላው ሲሳሳት ነው፤ እዚህ ደግሞ አልተሳሳተም። የተስተካከለ ኢንሹራንስ ይዞ እንደገና ማመልከት ይሻላል። የቀድሞ ክልከላ ብቻውን ለአዲስ ክልከላ ምክንያት እንደማይሆን ደንቡ በግልጽ ይናገራል። ክልከላው በቪዛ መረጃ ቋቱ ውስጥ ስለሚታይ ግን ለመደበቅ አይሞክሩ። አዲስ 90 ዩሮ መክፈልዎ አይቀርም፤ የበፊቱ አይመለስም። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የበረራውን ቀን ወደፊት ገፋ ያድርጉት።

የኢንሹራንሱ ገንዘብ እንደ ውሉ ነው። ብዙ ውሎች ቪዛ ከተከለከለና ዋስትናው ከመጀመሩ በፊት ከተጠየቀ አረቦኑን (ለኢንሹራንሱ የተከፈለውን) ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹ የአገልግሎት ክፍያ ይቀንሳሉ። የእርስዎ ገና አልጀመረም። ዛሬውኑ የክልከላውን ቅጂ አያይዘው በጽሑፍ ይጠይቁ። በስልክ «እሺ» ቢሉዎት አይተኙ። «ለቪዛ የሚሆን ነው» ያሉትም በደረሰኝ፣ በመልዕክት ወይም በማስታወቂያ ላይ ካለ አብረው ያያይዙት። በአፍ ብቻ ከሆነ ማስረዳቱ ይከብዳል።

አሁን ወደ ግፊቱ። እኔን ያሳሰበኝ ከቪዛው ይልቅ ይሄኛው ነው። ቆንስላው የእናትዎን ግፊት አይጠይቅም፤ አንቀጽ 15ም ስለ ነባር ሕመም ምንም አይልም። ስለዚህ «የለባትም» ብላችሁ የሞላችሁት ፎርም ቪዛ ሊያስገኝ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሌሊት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ሲገቡ ነው። ኩባንያው ካሳ ከመክፈሉ በፊት የሕክምና ታሪካቸውን ይጠይቃል። የሐኪም ካርዳቸው ላይ ለዓመታት የግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ሲያነብ፣ የኢንሹራንስ ገዢ ያለበትን የማሳወቅ ግዴታ ጥሳችኋል ብሎ አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ የሆስፒታሉ ሂሳብ እህትዎ ጋ ይመጣል።

አዲሱ ፎርም ላይ በእውነት ይሙሉ። አረቦኑ ይጨምር ይሆናል፤ ኩባንያው ከግፊት ጋር የተያያዘውን አልሸፍንም ሊልም ይችላል። እንዲህ ካለ ሌላ ኩባንያ ይጠይቁ። ደንቡ በመርህ ደረጃ ዋስትናው ከመኖሪያ አገር እንዲገዛ ይላል፤ ካልተቻለ ግን ከሌላ አገር መግዛት ይቻላል፤ ሌላ ሰው በአመልካቹ ስም ቢገዛም ችግር የለውም። እህትዎ እዚያ ሆነው ሊገዙ የሚችሉበት መንገድ አለ ማለት ነው። ሲያነቡ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ያስቀድሙ። «ነባር ሕመም ድንገት ሲባባስ» የሚለው ተሸፍኖ ከሆነ፣ የሚፈልጉት ውል እሱ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይህን ሁሉ ወደ ሌላ አገር ቪዛ አይገልብጡት። አሜሪካና እንግሊዝ ለጎብኚ ቪዛ ኢንሹራንስን ቅድመ ሁኔታ አያደርጉም። ካናዳም ለተራው የጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ ለወላጆችና ለአያቶች በሚሰጠው ሱፐር ቪዛ ግን ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት ዋስትና ትፈልጋለች።

ቪዛው ሲገኝ ሰርተፍኬቱን በእጅ ቦርሳቸው ይያዙ፤ የታሸገ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። እህትዎም ፎቶውን ስልካቸው ላይ ያስቀምጡ። ከሰርተፍኬቱ ግርጌ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር አለ። በብዙ ውሎች ሆስፒታል ከመተኛት በፊት፣ ካልተቻለም ወዲያው እዚያ ቁጥር ላይ መደወል ግዴታ ነው። ማን እንደሚደውል ከመሳፈራቸው በፊት ተነጋግራችሁ ወስኑ።