ካባ ላይ ቃጫ ልትተክሉ ላሰባችሁ የድሬ ልጆች

ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን "ጋሼ ካባው ላይ ቃጫ ብንተክል ያዋጣናል ወይ" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል (ካባ የምንለው ድንጋይ የሚቆረጥበትን ቦታ ነው)፣ ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት ብዬ ነው። እድሜዬን የጨረስኩት በአፈርና በተክል ስራ ነው፣ አብዛኛውን እዚሁ ድሬና ሐረርጌ ውስጥ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ ጊዜ ሞልቶኛል፣ ቢረዝምባችሁም ታገሱኝ።

ሀሳቡን ወድጄዋለሁ። ይሄን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለው አብዛኛው "ቆይ" የሚል ስለሆነ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ ጀመረው እንዳትሉኝ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ መትከሉ ነው፣ ፕሮፖዛሉም ፎቶውም እሱ ላይ ነው፣ አቦ መትከሉ እኮ ትንሹ ስራ ነው! ገንዘቡም ጣጣውም ያለው ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ነገሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ አካባቢ ወርቅ የተገኘው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ ወዲህ ተፈጭቶ ወርቁ የወጣለት ቅሪት ሜዳ ላይ ተከምሮ ኮረብታ ሆኗል። ውስጡ ፓይራይት የሚባል ማዕድን አለ፣ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል፣ ዩራኒየምም አለበት፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ አቧራው ሰው ቤት ይገባል። እንዲህ ያለ ቦታ ቲማቲም ተክለህ ለልጅህ አታበላም። ስለዚህ የማይበላ ነገር ይተከል፣ አፈሩን ይያዝ፣ ምርቱም ገመድ ወይ ጨርቅ ወይ ቦርድ ይሁን፣ ማዕድኑ ሲዘጋ ስራ ለሚያጣው ሰው መተዳደሪያ ይሁነው የሚል ሀሳብ መጣ፣ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችም ሰርተውበታል። የኒውክሌር አደጋ የደረሰበት ቼርኖቤል አጠገብም በ1998 እ.ኤ.አ. ሄምፕ የሚባለው የቃጫ ተክል ተተክሎ ተሞክሯል።

የኛ ካባ ግን ሌላ ነው። ድሬ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሲሚንቶ የምታመርት ከተማ ናት፣ የሚቆረጠው የኖራ ድንጋይ ነው፣ እንደ ወርቅ ቦታ ሜርኩሪና ሳይናይድ አይገባበትም። መሬቱ አልተመረዘም፣ ቆዳው ተገፎ ነው የቀረው። ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ላይ "መርዝ እናፀዳለን" ብላችሁ አትፃፉ፣ ማሽን የሚጠገንበት ናፍጣና ዘይት የፈሰሰበት ጥግ ካልሆነ በስተቀር። የናንተ ስራ ማልበስ ነው፣ አፈር እንዲይዝ ማድረግ። ይሄ ደግሞ ለድሬ ቀላል ነገር አይደለም፣ የተራቆተው ዳገት ላይ የዘነበው ሁሉ መጨረሻው ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነው፣ በኛ አቆጣጠር የ1998ቱን የሐምሌ ሌሊት ጎርፍ ልጅ ሆናችሁ ያለፋችሁት ካላችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ጉጂም ይሁን ቤኒሻንጉል ወርቅ በሚቆፈርበት አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ልጆች ግን እዚች ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ። ተክል ብረታ ብረቱን ይስባል ሲባል በአንድ ክረምት ጠራርጎ ያወጣል ማለት አይደለም፣ በአስርት አመታት የሚቆጠር ነገር ነው፣ በብዙ ተክል ላይ ደግሞ የሚበዛው ስሩ ውስጥ ነው የሚቀረው። የሚጠቅመው አፈሩን ባለበት አስሮ አቧራና ጎርፍ እንዳይወስደው ማድረጉ ነው። ቅጠሉንና ተረፈ ምርቱን ፍየል ከበላው ግን ያ ሁሉ ድካም በወተትና በስጋ ተመልሶ ቤት ገባ ማለት ነው፣ ካቃጠላችሁትም አመዱ ላይ ይቀራል ወይ በጭሱ ይወጣል። ከእንዲህ ያለ መሬት የወጣ ቃጫ ላብራቶሪ ሳያየው ምግብ ጋ አይጠጋም።

ወደ ድሬ ልመለስ። ካባው ወለል ላይ ቆማችሁ አንድ እፍኝ አፈር አንሱና ሎሚ ጭመቁበት። ቿ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራው ነው። ይሄ ለሰፈር ምርመራ ይበቃል፣ ከዛ በኋላ ግን ከተለያየ ቦታ ናሙና ወስዳችሁ ላብራቶሪ ስጡ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችሁ ነው። ፒኤቹ፣ ማለትም የአፈሩ አሲድነት መለኪያ፣ ከ8 በላይ ከሆነ ፎስፈረሱ ብረቱ ዚንኩ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ተክሉ አያገኘውም፣ ለዛ ነው ካባ ላይ የተተከለ ችግኝ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው፣ ሰው ውሃ አነሰው ብሎ ውሃ ይጨምራል ችግሩ ግን ውሃ አይደለም።

ምን እንትከል ለሚለው፣ ሄምፕን እርሱት፣ ፊልም ላይ የምታዩት ሁሉ ጥሩ ነው ግን ተክሉ ካናቢስ ስለሆነ እኛ ሀገር ያስጠይቃል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ "ለአፈር ጥበቃ ነው" ማለት አይሆንም። ኬናፍ የሚባለው ከግንዱ ቃጫ የሚወጣ ተክል በአራት አምስት ወር ከሰው በላይ ያድጋል፣ አፍሪካዊ ተክልም ነው፣ ግን ቃጫው ከግንዱ እንዲላቀቅ ከሳምንት በላይ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መበስበስ አለበት፣ ጀሪካን ይዘን በምንሰለፍበት ከተማ ኩሬ ሙሉ ውሃ አበስብሳችሁ ስታሸቱ ጎረቤት ዝም የሚላችሁ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

የሚቀረው ያ በየአጥሩ የምታዩት ጫፉ ሹል የሆነው ቃጫ ነው፣ ፈረንጆቹ ሲሳል የሚሉት። መነሻው ሜክሲኮ ነው። ቀን ቀን የቅጠሉን ቀዳዳ ዘግቶ ማታ ሲቀዘቅዝ ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚህ የድሬ ፀሀይ ብዙም አይበግረው፣ በአመት 600 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነችው ዝናባችን ትበቃዋለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኖራ ያለበትን አፈር ይወዳል። ሌላው ተክል የሚሰቃይበት ነገር ለሱ ምቾት ነው። ችግኝ የሚገዛ ነገር የለውም፣ ከስሩ የሚበቅሉትንና አበባው ላይ የሚወጡትን ትናንሾቹን ወስዶ ማሳደግ ነው። ራቁት አለት ላይ ግን አይሆንም፣ መጀመሪያ ካባው ሲከፈት የተገፈፈው አፈር የት እንደተከመረ ጠይቁና እሱን መልሱ፣ በእርከን ድንጋይ ደርድራችሁ በአግድሙ ትከሉት፣ በልግ ሳይገባ ጉድጓዱ ያልቅ። ወደ ግጦሽ መሬት እየተስፋፋ ከአርብቶ አደሩ ጋር እንዳያጣላችሁ ከስሩ የሚወጡትን በየጊዜው ንቀሉ፣ ያ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ወደዚህ ሀገር ሲመጣም ለአፈር ጥበቃ ነበር የተባለው።

እሺ ተተከለ እንበል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠል የምትቆርጡት ከሁለት ከሶስት አመት በኋላ ነው። እዚች ጋ ነው ብዙ ማህበር የሚበተነው፣ ምክንያቱም እስከዛ ማን ምን ይበላል? ስለዚህ ከሌላ ስራ ጋር አያይዙት፣ ቃጫ ብቻውን ቤት አያቆምም።

ከዛ ቆረጣችሁ። 100 ኪሎ ቅጠል አራት ኪሎ አካባቢ ደረቅ ቃጫ ነው የሚሰጣችሁ፣ ሌላው ሁሉ ውሃና ገለባ ነው። ይሄን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ቅጠሉን በአይሱዙ ከካባ ከተማ ድረስ ካመላለሳችሁ ለውሃ ነው ትራንስፖርት የከፈላችሁት ማለት ነው፣ መፋቂያው እዛው ማሳው ጋ መሆን አለበት፣ ደግሞም ከተቆረጠ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተፋቀ ይደርቅና ሙጫው ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በእጅ መፋቅ ይቻላል፣ ሳንቃ ላይ አጋድመህ በደነዘ ብረት ከመሀል ወደ ጫፍ ትገፋዋለህ፣ አረንጓዴው ስጋ እየተገፈፈ ነጩ ክር ይቀራል፣ ግን ጭማቂው ሰውነት ይበላል፣ ክንዳችሁ ላይ ሽፍታ ያወጣል ሲያሳክካችሁ ያድራል፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግድ ነው። ከዛ ወዲያው በትንሽ ውሃ አለቅልቆ ሽቦ ላይ ማስጣት፣ ሳይታጠብ ከደረቀ ቢጫ ይሆንና ዋጋው ይወርዳል።

ማሽን ስትገዙ ርካሹን አትግዙ፣ ኧረ ስለ ወላጆቻችሁ። ብራዚል ባሂያ ውስጥ ገበሬው ማሳው ላይ የሚጎትታት ትንሽ መፋቂያ አለች፣ ቅጠሉን በእጅህ ይዘህ ወደሚሽከረከረው ቢላ ትከተዋለህ፣ ስንትና ስንት ሰው ጣቱንና እጁን አጥቶባታል። እኛ ጋ ብየዳ ቤት የሚሰሩትም አንዳንዶቹ ቁርጥ እሷኑ ናቸው። መከለያ የሌለው፣ ማጉረሻው ከክንድ የማይረዝም ማሽን ስራ አያስጀምር፣ መንግስት ብድር ሰጠን ብላችሁ በቸኮላችሁበት ቀን ነው አደጋው የሚመጣው።

ገዢውስ? ታንዛኒያ በ1964 እ.ኤ.አ. ከ200 ሺህ ቶን በላይ ሲሳል ታመርት ነበር፣ ከዛ የፕላስቲክ ገመድ መጣና ገበያውን በላው፣ ማሳው ሁሉ ዳዋ ለበሰ። የናንተም ተፎካካሪ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ የምታገኙት ያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ነው፣ በዋጋ አትችሉትም። ስለዚህ ፕላስቲክ የማይሰራውን ስራ ፈልጉ። ጂፕሰም የሚያፈሱት ልጆች እንዳይሰነጠቅ ቃጫ ይከቱበታል፣ ጥያቄ የማያበዛ ገዢ ቢኖር እነሱ ናቸው፣ ርዝመቱ ባይስተካከልም ይወስዱታል፣ ሂዱና ከየት እንደሚያመጡትና በኪሎ ስንት እንደሚገዙ ጠይቁ፣ አንድ ችግኝ ሳትተክሉ በፊት። የቡና ጆንያ የሚያጓጓ ገበያ ነው፣ የሐረር ቡና የሚዘጋጀው እዚሁ ድሬ ነውና ላኪዎቹ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፣ ግን የምግብ ጆንያ የራሱ ደረጃ አለው፣ ክሩ ሲሰራ የሚነካው ዘይት እንኳን የአትክልት ዘይት መሆን አለበት የነዳጅ አይሆንም፣ ሽመናውም ፋብሪካ ይፈልጋል። እሱን ለኋላ አቆዩት።

እኔ ብሆን የምጀምርበት ደንበኛ ካባው ራሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 678/2002 የማዕድን ባለፈቃድ መሬቱን መልሶ የማልማት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፣ ለዛም ገንዘብ መያዝ አለበት። እናንተ ስትሄዱ "መሬት ስጡን" ብላችሁ አይሁን፣ "ይህን ያህል ሄክታር እርከን እንሰራለን፣ በቃጫ የተጎነጎነ የአፈር መያዣ ምንጣፍ ዳገቱ ላይ እናነጥፋለን፣ በካሬ ይሄን ያህል ክፈሉን" በሉ። ቅጠሉ እስኪደርስ ያሉትን አመታት የሚያበላችሁ እሱ ክፍያ ነው፣ ቃጫው ሲመጣ ደግሞ ምንጣፉ ከራሳችሁ ማሳ ይሰራል። በቃል አትስማሙ፣ አንድ ማህበር አውቃለሁ ሁለት ክረምት ሙሉ እርከን ሰርተው ስራ አስኪያጁ ሲቀየር አዲሱ "እኔ የማውቀው ነገር የለም" አላቸው፣ የያዙት ወረቀት ስላልነበር እስካሁን አልተከፈላቸውም። ውል ላይ ፈንጂ የሚፈነዳበት ሰአትና ማንም የማይገባበት መስመርም ይፃፍ፣ አዲስ የተቆረጠ ገደል ስር ማንም አይስራ።

ናሙና ለመውሰድ ስትወጡ ደውሉልኝ፣ ጉልበቴ ዳገቱን ባይችለውም አፋፉ ላይ ቆሜ የት እንደምትቆፍሩ አሳያችኋለሁ፣ ጠዋት 12 ሰአት ከሆነ ነው ታዲያ፣ ከሶስት ሰአት በኋላ ያንን ነጭ ድንጋይ በፀሀይ የሚችለው የለም።