«ባሌን ደብተር ቀማኝ»

ደብዳቤው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ነው። ጸሐፊዋ 39 ዓመቷ ነው። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ እህል ትነግዳለች። ባለቤቷ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። አምና አንዲት እናት የድንበር ክስ ሊያስጽፉ መጡ። እሱም ድንበሩ ላይ የነበረውን ግራር ማን እንደተከለው፣ ለማን ሠርግ ዳስ እንደተቆረጠ ሳይቀር ጻፈው። መዝገብ ቤት ያለው ሰው አንብቦ ሳቀ። «ይሄ ክስ ነው ልብ ወለድ?» አለው።

ለቀልድ ነበር። ሰውየው ግን ያን ቀን እራት አልበላም። የቀረውን በራሷ ቃል ላስነብባችሁ።

«ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየተነሳ ይጽፋል። የተፈጠርኩለትን ሳላውቅ 46 ዓመት ኖርኩ ይለኛል። ጃንጥላውን ጥሎ ደራሲ ሊሆን ነው። በእቁቤ የገዛኋትን ላም ሸጠን እናሳትመው ይላል። አንድ ቀን ደብተሩን ገልጬ ሳይ አንዲት ሴትዮ በእኔ አፍ ታወራለች። በፋሲካ ተጣልተን የተናገርኩትን፣ ቃል ሳይጎድል! እኔ ሳናግረው ግን ቆይ፣ አሁን አታናግሪኝ ነው መልሱ። ባሌን ደብተር ቀማኝ። አበደ ልበል?»

እህቴ፣ አላበደም።

በደብዳቤሽ ስለ ላሟ የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው። ስለ ደብተሩ ግን አንድ ገጽ ሙሉ። (እዚህ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።) ገንዘቡም አሳስቦሻል፤ ያንገበገበሽ ግን በር የተዘጋብሽ መሆኑ ነው።

ባለቤትሽ ጥሪው አምና ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። 20 ዓመት የሰው ብሶት እየሰማ፣ መልክ እያስያዘ፣ በአንድ ገጽ ሲያሰፍር ኖሯል። በዚያ ላይ በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር ብለሻል። ይሄ ሰው መቼ ሳይጽፍ ኖሮ ያውቃል? አዲስ የሆነበት የራሱን መጻፉ ነው። ብርድ ልብስ የሚያስገፍፈውም እሱ ነው።

ዕድሜው አያስጨንቅሽ። የአገራችሁ ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው ታላቁን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ነጋዴ ነሽና ሂሳቡን አንቺ ሥሪው። ግን ደግሞ እስከዚያ በአምባሳደርነትም በሚኒስትርነትም ሠርተዋል። ይህንን ለባለቤትሽ ንገሪው። ጃንጥላው ይቆይ።

ሮበርት ቫለራንድ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ለሚወደው ሥራ ያለውን ፍቅር ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ከቀረው ኑሮ ጋር ተስማምቶ ያድራል። ሁለተኛው ሰውየውን ይነዳዋል፤ ተው ሲሉት አይተውም፤ ከቤተሰብ ጋር ይሻማል። እንግዲህ ከደብተሩ ሲነሳ እዪው። ፊቱ ፈክቶ ልጆቹን ካጫወተ ደህና ነው። እየተነጫነጨ፣ ልቡ እዚያው ቀርቶ ከዋለ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጻፍሽልኝ እንደምረዳው መሐል ላይ ነው ያለው።

ለምን? ነገራ ስለሌለው ይመስለኛል።

ይህንን ቃል እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ብቻውን ነው። ጫካ ይገባል፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ማንም አያናግረውም። ግን እዚያው አይቀርም። ተነስቶ ወደ የኔታ ይሄዳል፤ ለነገራ፣ ቅኔውን ሊያሰማ። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ አንዳንዴም ጉድ ያደርጉታል። ባለቤትሽ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጠራ ላይ ነው። ሰሚ የለውም። ሰሚ ያጣ ሰው ደግሞ ደብተሩን እንደ ታቦት መጋረድ ይጀምራል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ግጥም እህቴ ከፍራሽ ሥር አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ግማሹ የማይረባ እንደሆነ ያን ቀን በጆሮዬ ሰማሁ። ተናደድኩ፤ ግን ቀለለኝ።

ስለዚህ አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ቡናሽን አፍዪና «አንብብልኝ» በይው። «ምንድን ነው የምትጽፈው?» እንዳትዪ፤ ምርመራ ይመስላል። ሲያነብ አታቋርጪው። ሲጨርስ የገረመሽንም የሰለቸሽንም ንገሪው። የኔታ እንደሚያርሙት።

የፋሲካዋ ሴትዮ ስትመጣ ግን ዝም አትበይ። ቃልሽን ሳያስፈቅድሽ ወስዷል፤ መቀየምሽ ልክ ነው። «ይሄ ይውጣልኝ» ካልሽ መውጣት አለበት፤ እዚህ ላይ አላግባባም። ያን ቀን ስትጣሉ ግን «መቼ ትሰማኛለህ» ብለሽው ይሆናል። ሰምቶሻል። ቃል ሳይጎድል።

ስለ ላሟ ካንቺ ጋር ነኝ። አትሸጥም። በአገራችን ብዙ ደራሲ ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ገንዘቡም ተለቃቅሞ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል። ለነገሩ መጽሐፉ መቼ አለቀና! ይጨርሰው። ካንቺ ሌላ ይሉኝታ ለማይዛቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ያስነብበው። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ታሰላላችሁ። እስከዚያ ወተቷን ጠጡ።