የደቻቱን ጎርፍ ማጥናት ለምትፈልግ ተማሪ

ውድ እህቴ፣ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ልትጨርሺ አንድ ዓመት እንደቀረሽና ጎርፍ፣ ሰደድ እሳትና ግጦሽ በተጎዳ መሬት ማገገም ላይ ያላቸውን ድርሻ ማጥናት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ቤታቸውን የወሰደባቸው አባትሽ ግን «ቤታችንን የበላ ጎርፍ ምን ጥቅም ተገኝቶበት ነው የምትማሪው?» ብለው ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቅ እንድትረከቢ ወስነዋል።

ያ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏልና የአባትሽን ሐዘን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ሐዘናቸው ሙያሽን የመምረጥ ሥልጣን አይሰጣቸውም። ሱቁን ታናሽ ወንድምሽ እንደሚወደው ራስሽ ነግረሽኛል፤ ታዲያ ለእሱ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

በአገራችን መሬትን መልሶ ማልማት ችግኝ ተክሎና ቆጥሮ ሪፖርት ወደ ማቅረብ እያዘነበለ መሄዱ ያሳስበኛል። በሐረርጌ ኮረብቶች እርከንና ክትር ሳሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ቦታን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ መከለል ብዙ የተራቆተ ተዳፋት እንዳዳነ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ሥነ ምህዳር በመከለል ብቻ አያገግምም። በቦረና አርብቶ አደሮች ግጦሹን ለማደስ በየጊዜው ሣሩን ያቃጥሉ ነበር፤ ይህ ከተከለከለ በኋላ የግጦሽ ጫናም ታክሎበት ቁጥቋጦው ሰፊ የሣር ምድር ውጧል። በአሜሪካም የግሌን ካንየን ግድብ የኮሎራዶን ወንዝ ደለል ስላስቀረ የወንዙ የአሸዋ ዳርቻዎች እየተሸረሸሩ ሄዱ፤ ባለሙያዎችም በ1996 እ.ኤ.አ. ከግድቡ ሆን ብለው ብዙ ውሃ በመልቀቅ ዳርቻዎቹን መልሰው ለመገንባት ሞክረዋል።

ይህን የምልሽ ጎርፍና እሳት ሁልጊዜ ይጠቅማሉ ለማለት አይደለም። በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ እንዲህ የተንሰራፋው ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ስለሚበትኑትና ጎርፍም ስለሚያጓጉዘው ጭምር ነው። ጎርፍ አፈሩን ገልጦ አዲስ ደለል ሲያለብስ ለአገር በቀሉ ግራርም ለመጤው ፕሮሶፒስም እኩል ቦታ ይከፍታል፤ ማን ቀድሞ እንደሚይዘው የሚወስነው በአካባቢው ያለው ዘር፣ የጎርፉ ወቅትና የድግግሞሹ ልክ ነው። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ ከድሬዳዋ የበለጠ የሚያስፈልገው ከተማ አላውቅም።

ስለ ገንዘቡ፣ የጀማሪ ባለሙያ ደመወዝ ከሱቁ ትርፍ ሊያንስ ይችላልና ለአባትሽ የማይሞላ ተስፋ አትስጪ። ለሁለተኛ ዲግሪም አትቸኩዪ። መጀመሪያ የደቻቱ ውሃ በሚነሣባቸው የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች በተፋሰስ ልማት ሥራ ብትቀጠሪ፣ ኋላ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ስትማሪ የምትጠይቂው ጥያቄ ከመሬቱ የመነጨ ይሆናል። እንግሊዝኛሽ በንባብ ይሻሻላል፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ መቻልሽ ግን በመስክ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ገና ስላላስጸደቅሽ፣ ከመጪው ክረምት በኋላ ደቻቱ ደለል ባለበሳቸውና ባልደረሰባቸው ዳርቻዎች የበቀሉትን የግራርና የፕሮሶፒስ ቡቃያዎች ቆጥረሽ እንድታነጻጽሪ እመክርሻለሁ። ለዚህ ሜትር፣ ገመድና መዝገብ ይበቃሻል፤ የምርምር ሐሳቡን ግን ዝናቡ ሳይገባ ለአማካሪሽ አቅርቢ።