የሬዲዮ ሞደም፣ የመብራት መጥፋትና ሙቀት፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ከጉድጓድ ፓምፕ እስከ ኮረብታው የውሃ ማጠራቀሚያ ድረስ መረጃ የሚያመላልሱ የሬዲዮ ሞደሞችን መትከልና መጠገን ነው። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ፓምፑ እንዲቆም፣ ሲጎድል እንዲነሳ ትእዛዙ የሚያልፈው በእነዚህ ሳጥኖች ነው። ሞደሙ ዝም ካለ ወይ ውሃው ሲፈስ ያድራል፣ ወይ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ስለዚህ መብራት መጥፋትንና ሙቀትን በተመለከተ የቸገራችሁን ጠይቁኝ። የቤት ዋይፋይም ቢሆን ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሞደሙ አምፖሎች ሁሉ ይበራሉ፣ ግን አይሠራም። ነቅለን ስንሰካው ይነሳል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ መብራቱ ሲመጣ ቀጥ ብሎ አይመጣም፣ እየተንገዳገደ ነው። ፕሮሰሰሩ ቮልቴጁ ሳይረጋ መነሳት ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይወርድበታል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ደግሞ ይመለስለታል። ያኔ ደርቆ ይቀራል። ደህና ሞደም ለዚህ ሁለት ጠባቂ አለው። አንዱ ቮልቴጁ እስኪረጋ ፕሮሰሰሩን ይዞ የሚያቆይ ሰርኪት ነው። ሌላው ዋችዶግ ይባላል፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ራሱ ሪሴት ያደርገዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ዋችዶጉ መከፈቱን አረጋግጡ፤ ተዘግቶ ያገኘሁባቸው ጣቢያዎች ጥቂት አይደሉም። ዋችዶግ ከሌለው፣ መብራት ከመጣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚያሳልፍ ታይመር ሪሌይ ግጠሙለት።

ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ያስተካከልኩት ፍሪኩዌንሲ ወደ ድሮው ይመለሳል።

መልስ፦ ለውጡ ያለው ጊዜያዊው ሜሞሪ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ሞደሞች «አስቀምጥ» የሚል የተለየ ትእዛዝ ይፈልጋሉ። ካስተካከልክ በኋላ አስቀምጥ፣ ከዚያ ራስህ አጥፍተህ አብርተህ አረጋግጥ። ፈርምዌር (ሞደሙን የሚያሠራውን ውስጣዊ ፕሮግራም) ስትጭን ደግሞ መሃል ላይ መብራት እንዳይጠፋብህ ባትሪ ሳይኖር አትጀምር።

ጥያቄ፦ የእኛ ጣቢያ በሶላር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ሞደሙ እስኪነጋ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ሞደሙን ቀየርነው፣ ያው ነው።

መልስ፦ ሞደሙን መቀየር አልነበረባችሁም። እንዲህ ያለ ጣቢያ ላይ ሜትር ይዤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። 11.4 ቮልት ላይ የሶላሩ ተቆጣጣሪ (ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የሚጠብቀው ሳጥን) ለሞደሙ የሚሄደውን ኃይል ቆረጠ። ጭነቱ ሲነሳለት ባትሪው ትንሽ ቆይቶ 12.0 አሳየ። ተቆጣጣሪው ባትሪው የሞላ መስሎት መልሶ ሰጠ። ሞደሙ ተነስቶ ማስተላለፍ ሲጀምር እንደገና 11.4 ገባ። ባትሪው አልሞላም፤ ጭነት ስለሌለበት ብቻ ነው ቀና ያለው። ለ12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ መቁረጫውን 11.5 አካባቢ፣ መመለሻውን ከ12.6 በማያንስ ላይ አድርጉት። ያኔ ሞደሙ ፀሐይ እስኪወጣና ባትሪው እስኪያገግም በሰላም ይጠብቃል። ባትሪውንም ሞደሙ እያስተላለፈ ሳለ ለኩት። በዝምታ 12.5 የሚያሳይ ያረጀ ባትሪ፣ ማስተላለፍ ሲጀመር ከ11 በታች ሲወርድ ብታዩ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ አዋሽ አካባቢ ቆላ ነን። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ሲግናሉ ይዳከማል፣ ማታ ደህና ነው። የሙቀት መከላከያውን ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ እባክህ አትንካው። 5 ዋት ወደ አንቴና የሚልክ ሞደም ከባትሪው ብዙ ጊዜ 15 ዋት ገደማ ይስባል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሞደሙ መጀመሪያ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ካልበረደለት ማስተላለፉን ያቆማል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ይህ ባይኖር ማስተላለፊያ ትራንዚስተሩ ይቃጠል ነበር።

መፍትሔው ከውጭ ነው። ፀሐይ ያገኘው የብረት ሳጥን የውስጡ ሙቀት ከውጭው አየር በጣም ይበልጣል፤ በላዩ ጣት በሚያሳልፍ ክፍተት ቆርቆሮ አልብሰው፣ ነጭ ቀባው። ሞደሙን ከሶላሩ ተቆጣጣሪ አርቀህ ወፍራም የአልሙኒየም ሰሌዳ ላይ እሰረው። ከዚያ ኃይሉን ተመልከት። ከ5 ወደ 1 ዋት ስታወርድ የምታጣው 7 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሲግናል 20 ዲሲቤል ትርፍ ካለው ምንም አይሰማውም፣ ሙቀቱ ግን ወዲያው ይቀንሳል። አንቴናውንም ፈትሽ። ከክረምት በኋላ ኮኔክተሩን ስትፈታ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ውሃ ገብቷል፤ የሚላከው ኃይል ተመልሶ ሞደሙን ያግለዋል። አንቴና ሳይታሰር ማስተላለፍም ያው ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የቤታችንን ዋይፋይ አቧራ እንዳይገባበት በዳንቴል ሸፍኜዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ይቆራረጣል። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ዳንቴሉን ያንሱለት፤ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ተዘግተው ነው። ከቴሌቪዥኑ ላይም አውርደው ግድግዳ ላይ ያሰቅሉት። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉለት፣ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ ላይ የተራራ ምስልና 2000 ሜትር የሚል አለ። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። አደገኛ ነው?

መልስ፦ ምልክቱ የሚናገረው በውስጡ ስላሉት የኤሌክትሪክ ክፍተቶች ነው። አየር ሲሳሳ ብልጭታ በትንሽ ቮልቴጅ ይዘላል። ነገ ይቃጠላል ማለት አይደለም፣ ግን አምራቹ ዋስትና የሰጠው እስከዚያ ከፍታ ነው። ስስ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም። ስትገዛ 5000 ሜትር የሚል ካገኘህ እሱን ምረጥ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲመጣ ሁሉም ጣቢያ እኩል ይነሳና የጣቢያዎቹን መረጃ የሚቀበለው ማዕከል ለግማሽ ሰዓት ምንም አይሰማም።

መልስ፦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁሉም በአንዴ «ተነስቻለሁ» ስለሚሉ ይጋጫሉ። አንዱ ከ10 ሰከንድ፣ ሌላው ከ20 በኋላ እንዲጀምር አድርጉ፤ ወይም ማዕከሉ ተራ በተራ ይጠይቅ፣ ሌላው ሳይጠየቅ አይናገር። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት ፓምፑ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ከማጠራቀሚያው 3 ደቂቃ ካልሰማ መቆም አለበት፤ ግንኙነቱ ሲመለስም በድሮ ትእዛዝ ሳይሆን አዲስ የውሃ መጠን ሲደርሰው ብቻ ይነሳ። ይህን ጠዋት ፈትሹት፤ ኦፕሬተሩ ፓምፑ አጠገብ ቆሞ የሞደሙን ፊውዝ ንቀሉና ሰዓት ያዙ።