የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እርካብ ሲረገጥ የማይቆም ሰጋር

ጥያቄ፦ ከአዲስ ቅዳም ገበያ አንድ ሰጋር ፈረስ ገዝቻለሁ። ዕድሜው ስድስት ዓመት ነው፤ መንገድ ከገባ በኋላ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው። ግራ እግሬን እርካብ ውስጥ ሳስገባ ይነሳል፣ እኔም በአንድ እግሬ እየዘለልኩ እከተለዋለሁ። ልጄ ፊት ለፊት ቆሞ ልጓሙን ሲይዝልኝ ይቆማል፤ ሲለቀው ያው ነው። ጎረቤቶቼ «ሰጋር ደሙ ነው፣ መቆም አይሆንለትም» ይሉኛል። ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ልወጣበት አስቤ ነበር። ምን ይሻለኛል?
(ከባንጃ)

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ በከፊል አልተሳሳቱም፤ ሰጋርነት ይወረሳል። ዲኤምአርቲ3 በተባለው ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ በአይስላንድም በአሜሪካም ሰጋር ዝርያዎች ላይ በብዛት እንደሚገኝ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የሚወረሰው ግን የእግር አጣጣል እንጂ ችኮላ አይደለም። እርካብ ሲረገጥ መነሳትን ፈረሱ ተምሮት ነው፤ ያስተማረውም ሰው ነው።

ሰጋር ፈረስ ብዙውን ጊዜ የሚገራው ዛቡ ጠበቅ፣ ጎኑ ነካ እየተደረገ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲገጥሙለት አንገቱን ሰብስቦ መስገር ይጀምራል። አሁን እርስዎ ሲወጡ የሚያደርጉትን ያስተውሉ፦ እንዳይሄድ ፈርተው ዛቡን ይስባሉ፣ የእግርዎ ጣት ደግሞ የጎድን አጥንቱን ይወጋዋል። ፈረሱ ያመፀ መስሎዎት ይሆናል፤ እሱ ግን እየታዘዘ ነው። ከዚያም ኮርቻው ላይ ሳይደላደሉ አብረውት ይሄዳሉ፣ ትምህርቱም ይጸናል።

ከሥልጠናው በፊት ሕመም አለመኖሩን ይዩ። ኮርቻውን አውርደው፣ ከአከርካሪው አራት ጣት ያህል ርቀው፣ ከጫንቃው እስከ ወገቡ በሁለቱም ጎን በጣት ጫፍ ጫን ጫን ያድርጉት። ቆዳውን ቢያርገበግብ ምንም አይደለም። ወገቡን ዝቅ ካደረገ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ወይም ሊነክስ ከዞረ ግን ሥልጠናው ይቆይና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ሰው ተቀምጦበት እንኳ በጫንቃው አጥንትና በኮርቻው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። የሆድ ጠፍሩን በአንድ ጊዜ አያጥብቁት፦ መጀመሪያ ኮርቻው እንዳይወድቅ ያህል፣ ሃያ እርምጃ አራምደው ትንሽ፣ ሊወጡ ሲሉ የመጨረሻውን። ብዙ ፈረስ ጠፍር ሲጠብቅበት ሆዱን ይነፋል፤ ሲራመድ ይላላል። ያን ሳያዩ ከወጡ ኮርቻው ወደ ጎን ይዞራል፤ ኮርቻ ሆዱ ስር የዞረበትን ፈረስ መልሶ ማሳመን ደግሞ ብዙ ድካም ይጠይቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መውጣት የለም። ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የራስ ገመድ ይያዙት፣ «ቁም» ይበሉትና ገመዱን ያላሉት። የላላ ገመድ ለፈረስ ሽልማት ነው፤ እየጎተቱ ያቆሙት ፈረስ መቆም አልተማረም፣ ተያዘ እንጂ። አንድ እርምጃ ከተነሳ ሳይቆጡና ሳይመቱ ያንኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሰው የነበረበት ቦታ ላይ ያቁሙት። ሦስት እስኪቆጥሩ ከቆመ ያመስግኑትና ያራምዱት፤ ቀጥሎ አምስት፣ አሥር፣ ሠላሳ። እየሄደ ሳለ አይሸልሙት፤ ገብስ ከሰጡትም እፍኝ ሳይሞላ፣ አራቱም እግሩ መሬት ላይ ቆሞ ይሁን። በጠዋትና በማታ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለችና መቁነጥነጥ ይጀምራል።

ገመዱ ላልቶ አንድ ደቂቃ ሲቆምልዎ ኮርቻውን ይጫኑና መውጣቱን ቆራርጠው ያሳዩት። ኮርቻውን በመዳፍ መታ መታ ያድርጉ፣ እርካቡን ያወዛውዙ፣ አጠገቡ ሆነው ወደ ላይ ዘለል ይበሉ። ከደነገጠ አያቁሙ፤ ቀስ እያሉ ይቀጥሉና ረጋ ያለ ጊዜ ያቁሙ። በደነገጠበት ቅጽበት ካቆሙ መሸሽ እንደሚያዋጣው ይማራል። ከዚያ እግርዎን እርካብ ውስጥ አስገብተው ያውጡ፤ ቀጥለው ክብደትዎን ለሦስት ሰከንድ ጥለውበት ይውረዱ፤ ቀጥለው ሆድዎን ኮርቻው ላይ አስተኝተው ይውረዱ። ይህን ሁሉ በግራም በቀኝም ያድርጉት።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፤ የእግር አቋቋሙ። አንዱን የኋላ እግሩን አሳርፎ የቆመ ወይም የፊት እግሮቹን አጥብቦ የቆመ ፈረስ ክብደት በአንድ ጎን ሲመጣበት ሚዛን ፍለጋ መራመዱ ግድ ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የኮርቻውን የፊት ጉብታ ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ እርስዎና ወደ ወዲያ ነቅነቅ ያድርጉት። እግሮቹን ራሱ ያሰፋል። ይህች ብቻ ግማሹን ችግር የምትፈታበት ጊዜ አለ።

ሲወጡ ግራ እጅዎ ዛቡንና አንድ ጭብጥ ጋማ አንድ ላይ ይያዝ። የግራው ዛብ ከቀኙ በመጠኑ ይጠር፣ አፉን ግን አይሳብ። ቢነሳ አንገቱ ወደ እርስዎ ይዞራልና በጠባቡ ይዞርብዎታል እንጂ አያመልጥም። የእግርዎ ጣት ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ራሱ ያመልክት፤ ቀኝ እግርዎ ታፋውን ሳይነካ ይለፍ፤ መቀመጫዎንም ዝግ ብለው ያሳርፉ። እግርዎ እርካብ ውስጥ ሳለ ከተነሳ አይከተሉት፦ ያውጡና አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ያስኪዱት፣ ወደ ቦታው መልሰው ያሳርፉትና እንደገና ይጀምሩ። መውጫው ቦታ ዕረፍት፣ ከዚያ ውጭ ሥራ እንዳለ በራሱ ይደርስበታል።

ከወጡ በኋላ አይሂዱ። እስከ ስልሳ ይቁጠሩ፣ አንገቱን ይዳስሱ፣ ይውረዱ። በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው መውጣትዎ ያለ ጉዞ ይለቅ። በኋላም የመጀመሪያዋን እርምጃ እርስዎ ይዘዟት፤ አንዳንዴ ወደ ኋላ፣ አንዳንዴ ወደ ጎን ትሁን፣ ሁልጊዜ ወደ ፊት አትሁን። ልጅዎን በተመለከተ፣ ልጓሙን ይዞ ከመቆም ይልቅ መጀመሪያ ገመዱን አላልቶ ይያዝ፣ ቀጥሎ አንድ ሜትር፣ ቀጥሎ ሦስት ሜትር እየራቀ ይሂድ።

እንጅባራ ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ፈረስ ሲያሽካካና ሲጋልብ ቤት ውስጥ የቆመ ፈረስ ሁሉ አይቆምም። ቀድመው ከሁለት፣ ከአራት ፈረሶች ጋር፣ በኋላም ገበያ ዳር ይሞክሩት። እዚያ ካልቆመልዎ የዘንድሮው በዓል ይለፈው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ናሽቪል አካባቢ ነው። በቅርቡ ቴነሲ ዎኪንግ ሆርስ ከተባለው የአሜሪካ ሰጋር ዝርያ አንዲት የስምንት ዓመት ባዝራ ገዛሁ፤ ቀድሞ ለውድድር ትቀርብ ነበር አሉኝ። መወጣጫው ላይ ስቆም ትቀርባለች፤ እግሬን ሳነሳ ግን ታፋዋን ወደ ውጭ ታዞራለች። መወጣጫውን ተሸክሜ እየዞርኳት ነው።
(ከቴነሲ)

መልስ፦ መወጣጫውን ይዘው መከተሉን ዛሬውኑ ይተዉት። እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር እርስዎ ከተከተሉ አሰልጣኟ እሷ ናት። በመወጣጫ መውጣትዎ ግን ትክክል ነው። ሰው ከመሬት በግራ በኩል ሲወጣ ኮርቻው ወደ ግራ ይሳብና የጫንቃውን አጥንት በቀኝ በኩል አጥብቆ ይጫነዋል፤ መወጣጫ ይህን ጫና ይቀንሳል። ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መሠረቱ ሰፊና የማይወላወል ይሁን። የሚንቀጠቀጥ የፕላስቲክ በርጩማ ከሆነ እርስዎም ይፈራሉ፣ እሷም ፍርሃትዎን ትሰማለች።

መድኃኒቱ ታፋዋን ወደ እርስዎ ማምጣትን ማስተማር ነው። መሬት ላይ ቆመው ይጀምሩ፦ ከአጥር ጎን ያቁሟት፣ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን አለንጋ በጀርባዋ ላይ አሻግረው የቀኝ ታፋዋን በጫፉ ነካ ነካ ያድርጉ። መምታት የለም፤ ዝንብ እንደማረፍ ያህል ብቻ። አንድ እርምጃ ወደ እርስዎ እንደመጣች መንካቱን ያቁሙ፣ ዝም ብለው ይቆዩ። ወደ ውጭ ከሄደች መንካቱ ይቀጥላል። ይህን ስታውቅ መወጣጫው ላይ ወጥተው ይድገሙት። በጥቂት ቀን ውስጥ አለንጋውን ሲያነሱ ብቻ ራሷ ተጠግታ ትቆማለች።

የውድድር ታሪኳ ግን ሌላ ነገር ያሳስበናል። ይህ ዝርያ የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲጥል በኬሚካልና በሰንሰለት ቁርጭምጭሚቱን ማሳመም የታወቀ በደል ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የፈረስ ጥበቃ ሕግ የተደነገገውም ለዚህ ነው። የፊት እግሮቿን ከሰኮናው በላይ፣ በተለይ በስተኋላ ያለውን እጥፋት በአውራ ጣት ጫን እያሉ ይዩ። ፀጉሩ የተመለጠ፣ ቆዳው የወፈረ ወይም የተሸበሸበ ከሆነ፣ ሲነኩትም እግሯን ከሰበሰበች፣ ሐኪም ያሳዩ። የፊት እግሯን የሚያማት ፈረስ ክብደት ሲመጣባት መሸሿ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ግንድ ላይ አስሬ ብወጣስ? መሄጃ አይኖረውም።
(ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ አይሆንም። የታሰረ ፈረስ ሰው ሲወጣበት ከደነገጠ ወደ ኋላ ይጎትታል። ገመዱ ከያዘ በኋላ እግሮቹ ይቆማል ወይም ይወድቃል፤ አብረው ይወድቃሉ። ገመዱ ከተበጠሰ ደግሞ ማምለጥ እንደሚቻል ተማረ። በቅሎዋ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች ያለው ሰው እግሩ እርካብ ውስጥ አልነበረም። ማሰር ለመጫንና ለመጠረግ ነው፤ ለመውጣት ይፍቱት።

ጥያቄ፦ ይህ ዘዴ ለሰጋር በቅሎ ይሠራል?
(ከላሊበላ)

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ያዝግሙት። በቅሎ ያልገባትን ነገር አታደርግም፣ የተጎዳችበትንም ቦታ አትረሳም። ለፈረስ አንድ ቀን የሚሰጡትን ደረጃ ለእሷ ሦስት ቀን ይስጡት። ጎንዋን ሳትነኩ የኋላ እግሯ በሚደርስበት ቦታ አትቁሙ፤ ከፈረስ ይልቅ ወደ ጎን መርገጥ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ፈረሴ ስወጣ ይቆማል፣ ግን ወገቡን ዝቅ አድርጎ ያቃስታል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት እርምጃ ይንገዳገዳል። ይህም የሥልጠና ጉድለት ነው?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይደለም፣ የክብደት ጉዳይ ነው። የፈረሱን ክብደት በሜትር ገመድ መገመት ይቻላል፦ ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ይለኩ፣ ቁጥሩን በራሱ ያባዙ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለውን ርዝመት ያባዙበትና ለ11,880 ያካፍሉት። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 230 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በተለምዶ የሚመከረው ጭነት፣ ኮርቻውን ጨምሮ፣ ከክብደቱ 20 በመቶ ነው፤ ይህም 46 ኪሎ ብቻ ይሆናል። በዚህ ስሌት በአገራችን ፈረስ ላይ የሚወጣ ጎልማሳ ጥቂት ነው፤ እውነታው ግን ፈረሱ የሚነግርዎት ነው፣ እሱም ነግሮዎታል። ከመሬት መውጣቱን ይተዉ፣ ከእርከን ጠርዝ ወይም ከጉልበት ከፍ ካለ ድንጋይ ይውጡ። ዳገቱንና ቁልቁለቱን ወርደው በእግርዎ ይሂዱ። ማቃሰቱ ካልቀረ ከበድ ያለ ፈረስ ይፈልጉ፣ ይሄኛው ለልጆች ይሁን።