ይግባኙ ያንቺ ሳይሆን የዐቃቤ ሕጉ ነው

እህቴ፣ «ባሌ በአመንዝራነት ተከሶ ወረዳ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው፣ ይግባኝ ማለት እችላለሁ ወይ?» ያልሽውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም እዚሁ ጅማ ያው ደርሶብኛል።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሪ። ውሳኔው ከተነበበ በ15 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስታወቂያ መዝገብ ቤት መግባት አለበት። የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ለይግባኝ ማመልከቻው 30 ቀን አለ። ግን ክሱን የመሠረተው ዐቃቤ ሕግ ከሆነ ይግባኝ ባዩም እሱ ነው፤ አንቺ የግል ተበዳይ ነሽ፣ በቃ። ነገ ጠዋቱኑ ቢሯቸው ሄደሽ «ይግባኝ ትላላችሁ ወይ?» በያቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሂርማታ አካባቢ ራፖር ጸሐፊ ጋ ተቀምጬ ሦስት ገጽ አስጻፍኩ፣ ያውም በአማርኛ፣ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን እያወቅኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሁለተኛውን ገጽ እንኳ ሳትገልጥ «ይግባኙ የእርስዎ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 652 የሚለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። የፍቅር ቴክስትና አብሮ ምሳ መብላት ብቻውን አያስቀጣም። የዓይን ምስክር የግድ ነው ማለቴ አይደለም (በር ዘግቶ የሚደረግን ነገር ማን ያያል?)፣ ግን የአካባቢ ማስረጃው (ድርጊቱን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያው ባሉ ነገሮች የሚያሳየው) እርስ በርሱ መያያዝ አለበት። የኔ ምስክር የአንድ ፔንሲዮን አስተናጋጅ ነበር። «አብረው ሲገቡ አይቻለሁ» አለ። ዳኛው «አልጋ ይዘዋል? ስንት ሰዓት ቆዩ?» ብለው ጠየቁት። «ቁልፍ የሰጣቸው ሌላ ልጅ ነው፣ እኔ ወዲያው ወጣሁ» አለ። አለቀ። ባሌ ተከላከል እንኳ ሳይባል ወጣ። ያ ቁልፍ የሰጠው ልጅ ደግሞ ምስክር ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ስሙን ለፖሊስ ያልነገርኩት እኔው ነኝ።

ይግባኝ ላይ ይስተካከላል ብዬ ነበር። ግን እዚያ የሚታየው በዋናነት ያለው መዝገብ ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነ ብቻ ነው። የኔው ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አገላብጦ «በዚህ ይግባኝ አንልም» አለኝ። ተናደድኩ፣ በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነበር። ፍቺውን ለብቻው ጠየቅኩ፤ ለፍቺ ይህ ሁሉ ማስረጃ አያስፈልግም።

ገና ያልከሰሳችሁ ካላችሁ፣ ወንጀሉን ወይም ፈጻሚውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ነው ያላችሁ፤ ሽማግሌ እየተባለ ያልቃል።

አንቺ ደግሞ ግልባጩን ስትቀበይ ማኅተሙን ሳታዪ እንዳትወጪ። እኔን ለማኅተም ብቻ ሁለቴ አመላልሰውኛል።