«ወንድሜ ራሱን ይመታል፣ ምን ላድርግ?» ላልሽው የሐረር እህት

እህቴ፣ የማይናገረው የ9 ዓመት ወንድምሽ በድንገት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ማጋጨት ጀመረ ስትዪ የራሴን ልጅ ነው ያነበብኩት። ድሬዳዋ ነኝ፣ ሳቢያን ሰፈር። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ ቃል አይወጣውም።

1. «ባህሪ» ከማለታችሁ በፊት ጥርሱን፣ ጆሮውንና ሆዱን አስመርምሩ። የሆድ ድርቀት ብቻውን ልጅ ያሳብዳል።

2. ደብተር ያዢ። ስንቴ መታ ብለሽ ሳይሆን ከመምታቱ በፊት ምን ነበር፣ ከመታ በኋላስ ምን አገኘ ብለሽ ጻፊ። እኔ ይሄን የጀመርኩት 5 ወር ከተቃጠለ በኋላ ነው። የድሬ ግንቦት እናንተ ነፋሻ አየር ላይ ላላችሁት አይገባችሁም፤ የፍሪጅ ውሃ ካልሆነ የማይጠጣው ልጄ ብርጭቆውን ገፍቶ ደፋብኝ። «እልኸኛ!» ብዬ ጮህኩበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማታ ጋደም ሲል ቀኝ ጉንጩን በቡጢ ይመታል። የሚወደውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ በግራ ጎኑ ብቻ ያላምጣል። ሁሉም ዓይኔ ሥር ነበር።

ጥፋቴ አንድ ክሊኒክ ገብቼ «ባህሪው ተበላሸ» ማለቴ ነው። ሐኪሙ አፉን እንኳ ሳያስከፍተው ሪስፐሪዶን የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ጻፈ። «ኦቲዝም ካለበት ያለ ነው፣ እማማ» አለኝ። እማማ! ገና 34 ዓመቴ ነው። መድኃኒቱን አላማሁም፣ የጠቀማቸው ልጆች አሉ፤ የጀመረም ሐኪም ሳያማክር እንዳያቋርጥ። የኔ ልጅ ግን እንቅልፍ አበዛ፣ ወፈረ፣ ሲነቃ ያው ጉንጩን ይመታል። አማቴ ጠበል አለች፣ ጎረቤት «ገረፍ ገረፍ አድርጊው» አለች።

ደብተሬን ይዤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የቀኝ መንጋጋ ጥርሱ በስብሶ ሥሩ መግል ይዟል። በተነቀለ በሳምንቱ ሌሊት ራሱን መምታቱ ቀረ።

የትምህርት ቤቱ ግን አልቀረም። በመታ ቁጥር ደውለው «ነይ ውሰጂው» ይሉኝ ነበራ! ጫጫታ ሲበዛበት ጉንጩን ቢመታ ቤቱ እንደሚገባ ገባው። ሞኝ አይደለም ልጄ። ከመምህርቱ ጋር ተማክረን መዳፉን ደረቱ ላይ ማድረግን አስተማርነው፣ «በቃኝ» ማለት ነው። እንዳደረገ ወዲያው ከክፍል አውጥታ ዛፍ ጥላ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ሲረጋጋ ይመለሳል። ሁለት ወር ፈጀብን። አሁንም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይነሳበታል።

አቦ አንቺ፣ ወንድምሽ ቀዝቃዛ ውሃ ስትሰጪው እንዴት ነው? በየትኛው ጎኑ ነው የሚያኝከው? ዛሬ እራት ላይ እይውና ጻፊልኝ።